«ዚና ቢልጀብር» በአማርኛ ምን ይባላል?

ወረቀትና ቀለም፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሦስት ቀን ይዞ ያላስኬደኝ አንድ ዐረፍተ ነገር አለ። ስለ ፓኪስታን የሑዱድ፣ ማለት በእስልምና ሕግ የተወሰኑ ቅጣቶች፣ ድንጋጌዎች የተጻፈ ጽሑፍ እየተረጎምሁ ነው፤ የአገሪቱ ገዥ የነበሩት ጄኔራል ዚያ ኡል ሐቅ እ.ኤ.አ. በ1979 ያወጧቸው ማለቴ ነው። እንዲህ ይላል፦ «ልጅቱ ዚና ቢልጀብር ተፈጽሞብኛል ብላ ከሰሰች፤ ፍርድ ቤቱ ሰውየውን በነጻ አሰናብቶ እርሷን በዚና ቀጣት።» «ዚና»ን «ዝሙት»፣ «ዚና ቢልጀብር»ን «አስገድዶ መድፈር» ብል አማርኛው ያምራል፤ አንባቢው ግን ዳኞቹ ከአንዱ ወንጀል ወደ ሌላው እንዴት እንደ ተሻገሩ አይገባውም። «በግድ የተፈጸመ ዝሙት» ብል ደግሞ በተደፈረች ልጅ ላይ «ዝሙት» የሚል ቃል መለጠፍ ሆነብኝና እጄ አልታዘዝ አለኝ። እርዱኝ።

ቅኔ ቤት፦
መልካም ጥያቄ ነው፤ ግን ከሥሩ እንነሣ። ግእዙ «ዘመወ» ነው፤ ዐረብኛው «ዘና»፣ ዕብራይስጡ «ዛና»። «መ» እና «ነ» ቦታ እንደሚለዋወጡ ለእናንተ አልነግርም። ስለዚህ «ዚና» እና «ዝሙት» ወንድማማች ቃላት ናቸው ባይ ነኝ። «ኢትዘሙ» የሚለውን ትእዛዝ አማርኛው «አታመንዝር» ብሎታል፤ «አመነዘረ» ደግሞ በእኔ እምነት ከገንዘብ ምንዛሪ የመጣ ነው፤ የራስን ሰጥቶ የሌላ መቀበል። ስለዚህ «ምንዝር» ያገቡ ሰዎች ኃጢአት ነው፣ «ዝሙት» ሰፊው ነው። «ዚና»ም ያገባውንና ያላገባውን አንድ ላይ ስለሚይዝ «ዝሙት» ብለህ አሳርፈው።

የደሴዋ፦
መሪጌታ፣ ስለ «ዝሙት» ተስማምተናል። ስለ ምንዛሪው ግን አልከተልዎትም፤ ቃሉ ስለ ተመሳሰለ ብቻ ገበያ ውስጥ አያስገቡት።
ለጠያቂው ወንድሜ፦ አባቴ ፊቅህ፣ ማለት የእስልምናን ሕግ፣ ሲያቀሩ በር ሥር ተቀምጬ የሰማሁትን ልንገርህ። በሰው አፍ የሚዞር አንድ አባባል አለ፤ «በሸሪዓ የተደፈረች ሴት አራት ምስክር ካላመጣች አትሰማም» ይላል። አንተም በግርጌ ማብራሪያህ ልታስገባው ነው ብዬ እፈራለሁና አስቀድሜ ላርመው። አራቱ ምስክሮች የተጠቀሱበት ዋናው ቦታ በቁርኣን በሱረቱ አን ኑር ምዕራፍ አራተኛዋ አንቀጽ ነው። የምትናገረውም ስለ ተደፈረች ሴት አይደለም፤ ጥብቋን ሴት በዝሙት ከስሶ አራት ምስክር ያላመጣውን ሰው ሰማንያ ግረፉት፣ ምስክርነቱንም ከዚያ በኋላ ፈጽሞ አትቀበሉ ነው የምትለው። ይህ «ቀዝፍ» ይባላል። በዚያው ሱራ እናታችን ዓኢሻ፣ የነቢዩ ባለቤት፣ በሐሜት ስለ ተነኩበት ነገር ይተረካል። አንቀጹ በሴት ስም ላይ አፉን የሚከፍተውን ሁሉ ለመያዝ የወረደ አጥር ነው። አጥሩን ነቅሎ ሴቲቱን መደብደቢያ ያደረገው ሰው ነው።

ቅኔ ቤት፦
«ቀዝፍ»! የዐረብኛው «ዛል» በእኛ ዘንድ «ዘ» ነው፤ እነርሱ «ኡዝን» ሲሉ እኛ «እዝን»፣ እነርሱ «ዘከረ» ሲሉ እኛም «ዘከረ»። እንግዲህ «ቀዘፈ» ማለት ነው፤ መቅዘፊያ! ዐረብኛው ወረወረ ማለት ነው፤ ቀዛፊም ውኃውን ወደ ኋላ ይወረውራል። ስም አጥፊ ቃል ይወረውራል፣ ቀዛፊ ውኃ ይወረውራል። የጣና ታንኳ ቀዛፊና የመዲና ሐሜተኛ በአንድ ሥር ተገናኙ።

የደሴዋ፦
ይህን ግን እቀበላለሁ። ዐረቦችም ለመቅዘፊያ «ሚቅዛፍ» ይላሉ።

ጥቁር ካባ፦
በሙያዬ ጠበቃ ነኝ፤ ስለ ሥሩ እናንተ ተነጋገሩ። ስለ ድንጋጌው ግን ነገሩ ከሁለታችሁም አባባል የተወሳሰበ ነው። የ1979ኙ ሕግ ለሐድ ቅጣት፣ ማለት ለተቆረጠው ከባድ ቅጣት፣ ወይ የተከሳሹን የእምነት ቃል ወይ አራት ሙስሊም ጎልማሳ ወንዶች በዓይናቸው ማየታቸውን ይጠይቅ ነበር። ይህንንም ለዚናም ለዚና ቢልጀብርም እኩል አደረገው። አራት ምስክር ከሌለ ግን ጉዳዩ አይዘጋም፤ «ታዕዚር» ወደሚባለው፣ ዳኛው በተራ ማስረጃ ወደሚወስነው ቅጣት ይወርዳል። ስለዚህ «አራት ምስክር ካላመጣች አትሰማም» የሚለው ሐሰት ነው፤ «ምንም አልተበደለችም» የሚለውም ሐሰት ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 በታየ ጉዳይ አንዲት ዐይነ ስውር ወጣት አስገድደው ደፍረውኛል ብላ ከሰሰች። የተከሰሰው ሰው ማስረጃ አነሰ ተብሎ ተለቀቀ። እርሷ ግን አርግዛ ነበርና እርግዝናው ራሱ ማስረጃ ሆኖባት አሥራ አምስት ግርፋትና የሦስት ዓመት እስራት ተፈረደባት። የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤት በኋላ ሻረው። እኔ ይህን መዝገብ በተማሪነቴ ካነበብሁት ጀምሮ ከራሴ አልወጣም።

ወረቀትና ቀለም፦
የእኔም ዐረፍተ ነገር ከዚያ ጉዳይ የወጣ ነው።

ቅኔ ቤት፦
እግዚአብሔር ይይላት። ግን «በዓይናቸው ማየታቸው» የምትለዋን አትለፏት፤ ዋናው እርሷ ናት። የእኛ ምስክርነት ከጆሮ ነው፤ «ሰምዐ» ሰማ፣ «ስምዕ» ምስክርነት፣ «ሰማዕት» ምስክሮች፤ ደማቸውን ያፈሰሱትንም በዚሁ ስም ጠራን። የእነርሱ «ሸሂደ» ተገኘ፣ ዐየ ነው፤ «ሻሂድ» ምስክር፣ «ሸሂድ» ሰማዕት። እኛ ሰምተን እንመሰክራለን፣ እነርሱ ዐይተው!

የደሴዋ፦
ሰማዕትና ሸሂድ ሁለቱም ምስክርም መሥዋዕትም መሆናቸው ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። ነገር ግን ጆሮና ዓይን ብለው ሕዝብን ከሕዝብ አይለዩብኝ። በዚና ጉዳይ የኩል መኳያው እንጨት ብልቃጡ ውስጥ እንደሚገባ ሆኖ መታየት አለበት ይባላል። ማን እንዲህ ያያል? ዑለማዎቹም ለዚህ ነው ማረጋገጡ ከሞላ ጎደል የማይቻል ነው የሚሉት። በኸሊፋ ዑመር ጊዜ በባስራው ገዥ ላይ ሦስት ሰዎች ቆመው መሰከሩ፤ አራተኛው ሲጠየቅ አወላወለ። የተገረፉት ሦስቱ ምስክሮች ናቸው።

ጥቁር ካባ፦
በሐሰት በዝሙት የተከሰሰችውን ሶስናን አስታወስሽኝ። ሁለቱ ሽማግሎች ለየብቻ ሲጠየቁ አንዱ የጠራውን ዛፍ ሌላው አልጠራውም። ዳንኤል ያደረገው ዛሬ እኛ መስቀለኛ ጥያቄ የምንለውን ነው።

ሰዋስው ወዳድ፦
ማየ ዘለፋም አይረሳ። ባል ሚስቱን ከጠረጠረና ምስክር ከሌለ ሴቲቱ መራራውን ውኃ ትጠጣ ነበር፤ ኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 5። እመቤታችንና ዮሴፍም ጠጥተውት ንጽሕናቸው ተገልጧል። በእስልምናስ?

የደሴዋ፦
«ሊዓን» አለ፤ ነገር ግን ውኃ የለውም፣ ሴቲቱም ብቻዋን አትቆምም። ባልየው አራት ጊዜ ይምላል፣ በአምስተኛው ቢዋሽ እርግማኑን በራሱ ላይ ያመጣል። እርሷም እንዲሁ አራት ጊዜ ምላ ትክዳለች፣ በአምስተኛው እርሱ እውነት ተናግሮ እንደሆነ ቁጣው በእርሷ ላይ ይሁን ትላለች። ከዚያ ይለያያሉ፤ ማንም አይገረፍም። የእርሷ መሐላ የእርሱን መሐላ ያፈርሰዋል። ይህን ሳነብ ሁሌ ልቤ ይሞላል።

ጥቁር ካባ፦
ኦሪት ዘዳግም 22ንም ጨምሩ፤ በሜዳ የተያዘችው ብላቴና ብትጮኽ የሚታደጋት አልነበረምና እርሷ በደል የለባትም። ኢማም ማሊክም ሙወጣእ በተባለው የሕግ መጽሐፋቸው አርግዛ የተገኘች ሴት «ተገድጄ ነው» ካለች እየደማች መምጣቷን ወይም ጮኻ ሰው መድረሱን የመሰለ ምልክት ይጠይቃሉ። እርግዝና ብቻውን ያስቀጣል ያለው የማሊኪ መዝሀብ፣ ማለት የሕግ ትምህርት ቤት፣ ነው፤ ሐነፊዎችና ሻፊዒዎች አይቀበሉትም። በሰሜን ናይጄሪያ በሶኮቶና በካትሲና ሁለት ሴቶች በእርግዝና ምክንያት በድንጋይ ተወግረው እንዲሞቱ የተፈረደባቸው በዚህ መንገድ ነበር፤ ሁለቱንም የሸሪዓ ይግባኝ ሰሚዎች እ.ኤ.አ. በ2002ና በ2003 ነጻ አወጧቸው። ከመከራከሪያዎቹ አንዱ ከዚያው መዝሀብ የመጣ ነበር፤ ፅንስ በማኅፀን ለዓመታት ሊተኛ ይችላልና ልጁ የቀድሞው ባል ሊሆን ይችላል። ሕጉ ያጠበቀውን ሕጉ ፈታው።

ወረቀትና ቀለም፦
ወገኖቼ፣ ብዙ ተማርሁ፤ ቃሉ ግን አሁንም በእጄ የለም።

የደሴዋ፦
ይቅርታ ወንድሜ። «ኢክራህ» ማስገደድ ነው፤ የተገደደች ሴት ቅጣት እንደሌለባት ዑለማዎቹ ተስማምተዋል። ቃዲ አቡበክር ኢብኑል ዐረቢ ደግሞ፣ በ12ኛው መቶ ዓመት የኖሩት በስፔን የሴቪሊያው ሰው፣ ሽፍቶች ሴት ጠልፈው ሲያዙ ጉዳዩን «ሒራባ» ብለው ፈረዱ። ሒራባ በጉልበት ሰውን መዝረፍና ማስፈራራት ነው። ሌሎቹ «ሒራባ በገንዘብ እንጂ በገላ የለም» ቢሏቸው፣ በገላ ላይ የተፈጸመው እንዲያውም የከፋ ነው አሉ። ሒራባ አራት ምስክር አይጠይቅም። የፓኪስታኑ ሕግ አርቃቂ ይህን በር ትቶ ነው ነገሩን በዚና ቤት ያሳደረው።

ቅኔ ቤት፦
ሒራባ፣ ሐርብ... ጦርነት። የቀድሞ ጸሐፊዎቻችን «ሐርበኛ» ብለው በሐመሩ «ሐ» ይጽፉት የነበረውን አስታወሳችሁ? አርበኛ!

ሰዋስው ወዳድ፦
መሪጌታ፣ አጥብቄ እቃወማለሁ። አያቴ በማይጨው የተዋጉ ሰው ናቸው። የአርበኛን ስም ከደፋሪ ጋር በአንድ መስመር አልጽፈውም።

ቅኔ ቤት፦
ልጄ፣ ሥሩ ጦርነት ነው እንጂ ክፋት አይደለም። ከአንድ ሥር አርበኛም ሽፍታም ይወጣል። «ደፈረ»ስ? ጀግናውን «ደፋር» እንላለን፣ ወንጀለኛውንም «ደፈራት» እንላለን። ከአርበኛ በፊት በዚያ ቃል ማፈር ነበረብህ። የተደፈረችው የያዕቆብ ልጅ የዲናም ታሪክ በአማርኛ «አስነወራት» ነው፤ ነውሩን በእርሷ ላይ አሳደረው። ንጹሕ ቃል የለንም።

ሰዋስው ወዳድ፦
ደፈረ የሚለው ድንበር ጣሰ ከሚለው ነው፤ ድፍረቱ የእርሱ ነው፣ ነውሩም የእርሱ ነው። በ«አርበኛ» ግን አልስማማም።

ጥቁር ካባ፦
ለጠያቂው፦ የእኛ ወንጀል ሕግ «አስገድዶ መድፈር» ነው የሚለው፤ የሸሪዓ ፍርድ ቤቶቻችንም በጋብቻ፣ በፍቺና በውርስ እንጂ በወንጀል አይዳኙም። ስለዚህ አንባቢህ የሚያውቀውን ቃል ስጠው። እ.ኤ.አ. በ2006ም የፓኪስታን ፓርላማ ወንጀሉን ከዚና ድንጋጌ አውጥቶ ወደ ተራው የወንጀል ሕግ መለሰው፤ የመደፈር አቤቱታ ወደ ዝሙት ክስ እንዳይለወጥም ከለከለ።

ወረቀትና ቀለም፦
ጋሼ፣ ያ ለ2006ቱ ይሠራል። የእኔ ዐረፍተ ነገር የ1983ቱ ነው። ያን ጊዜ ወንጀሉ «ዚና» ላይ «በግድ» የሚል ቅጥያ ተለጥፎበት ነበር። ግዳጁ አልተረጋገጠም ሲባል ቅጥያው ወደቀ፣ ዚናው ቀረ፤ የቀረውም በእርሷ ላይ ነበር። «አስገድዶ መድፈር» ብዬ ባሳምረው ያ መውደቅ አይታይም። ስለዚህ እያመመኝ «በግድ የተፈጸመ ዝሙት» ብዬ ልጽፈው ነው፤ ከጎኑም ዐረብኛውን አቆየዋለሁ። «ኢቅራር»ንስ? እርግዝናዋን እንደ ኢቅራር ቆጠሩት ይላል። «ኑዛዜ» ልበለው?

ጥቁር ካባ፦
ኑዛዜ አይሆንም። የፍርድ ቤቱ ቃል «የእምነት ቃል» ነው።

ቅኔ ቤት፦
ኑዛዜማ በፍጹም! «ናዘዘ» በግእዝ አጽናና ማለት ነው። ያቺን ልጅ ማን አጽናናትና?