ዱብራቭካ በ4.0፦ ቤንች ላይ ይቆይ ወይስ ይሰለፍ?

የቦርከና ዳር (ኮምቦልቻ)፣ ጥቅምት 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሰላም ጀመዓ። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ለብሔራዊ ቡድን ጨዋታ አርፏልና ስለ ፋንታሲያችን (በበጀት ተጫዋች ገዝተን ሜዳ ላይ በሚሠሩት ነጥብ ስለምንሰበስብበት ጨዋታ) ተረጋግተን እናውራ። በረኞቼ የአርሰናሉ ራያና የበርንሌዩ ዱብራቭካ ናቸው። የበርንሌዩ ሽማግሌ በ4.0 ሚሊዮን ተገዝቶ በየሳምንቱ 90 ደቂቃ እየተጫወተ እኔ ጋ ቤንች ማሞቁ ብክነት መሰለኝ። 8ኛው ሳምንት በሜዳቸው ከሊድስ፣ 9ኛው ከሜዳ ውጪ ከዎልቭስ ጋር ነው። ራያን ሸጬ ሌላ የ4.0 በረኛ ልያዝና የሚተርፈውን 1.5 ገደማ አጥቂ ላይ ልጨምረው? ደግሞስ ሰውየው 36 ዓመቱ ነው፤ እስከ ግንቦት ቦታውን ይዞ ይዘልቃል ወይስ ጥር ላይ በወጣት ይተካል? የሥራ ቦታ ሚኒ ሊጋችን ውስጥ ልዩነቱ 20 ነጥብ አይሞላም፤ ስለዚህ በግምት አትመልሱልኝ።

ጦሳ ሥር (ደሴ)

ራያን አትሽጥ። በግምት አትመልሱ ስላልክ ሒሳቡ ይኸው።

በረኛ 60 ደቂቃና ከዚያ በላይ ሲጫወት 2 ነጥብ አለው፤ ጎል ካልገባበት (ክሊን ሺት) 4 ይጨመርለታል፤ በየሁለት ጎሉ 1 ይቀነስበታል። በርንሌይ እስካሁን በ7 ጨዋታ 15 ጎል ገብቶበታል። ቶተንሃም 3፣ ዩናይትድ 3፣ ሊቨርፑል 1፣ ፎረስት 1፣ ሲቲ 5፣ ቪላ 2። መረቡን ያላስደፈረው ሰንደርላንድን 2 ለ 0 ባሸነፈበት ጨዋታ ብቻ ነው። ለመሰለፍ 14፣ ለክሊን ሺት 4፣ ለገቡት ጎሎች ደግሞ 5 ቅነሳ፤ ሴቭ (ያዳናቸው ኳሶች)፣ ቦነስና ካርድ ሳይቆጠር 13 ነጥብ ይመጣል። ራያን በዚሁ መንገድ ብታሰላው 14 ለመሰለፍ፣ 16 ለአራት ክሊን ሺት፣ ቅነሳ ዜሮ፤ ምክንያቱም በአንድ ጨዋታ ሁለት ጎል ገብቶበት አያውቅም። 30 ነጥብ ሆነ።

የ17 ልዩነት ማለት ነው። ሴቭ ለሦስት አንድ ነጥብ ስለሆነ ዱብራቭካ ይህን በሴቭ ብቻ ለመድፈን ከራያ 51 ሴቭ በላይ ሊያድን ነው። በ7 ሳምንት! ደግሞ ሴቭ የሚቆጠረው ጨዋታ በጨዋታ ነው፤ አምስት ቢያድን ያው አንድ ነጥብ ነው፤ የተረፉት ሁለቱ ለሚቀጥለው ሳምንት አይሻገሩም።

የደካማ ቡድን በረኛ ብዙ ኳስ ስለሚመጣበት ነጥብ ይሰበስባል የሚለው ወሬ ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ የሲቲው 5 ለ 1 ነው፤ ከአምስቱ ሁለቱን በራሱ መረብ ላይ ያስቆጠረው የበርንሌዩ ተከላካይ ኤስቴቭ ነው። በረኛ እንዲህ ያለውን በምን ያድናል? የሊቨርፑሉንም አስታውስ፤ በ10 ሰው እየተከላከሉ እስከ 95ኛው ደቂቃ ድረስ አራቱ ነጥብ በእጁ ነበር፤ ከዚያ ሳላህ በፔናልቲ ወሰደው።

ሸዋ በር (ደሴ)

የጦሳ ሥር ሒሳብ ልክ ነው፤ ግን «ቤንች ላይ ብክነት ነው» የሚለው አልተመለሰም። የሚጫወት የ4.0 በረኛ ብክነት አይደለም። እንዲያውም ዋጋው የሚታየው ቤንች ላይ እያለ ነው።

አንደኛው ጥቅሙ መድን ነው። ራያ ጭራሽ ካልተሰለፈ ዱብራቭካ በራሱ ጊዜ ይገባልሃል፤ ሁለተኛ በረኛህ የማይጫወት ሰው ከሆነ ግን ዜሮ ነው፤ በበረኛ ቦታ ተከላካይ አይገባምና። ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ራያ ለአንዲት ደቂቃም ሜዳ ከገባ ተቀያሪህ አይገባም። በፈረንጆቹ 2019 የውድድሩ የመጀመሪያ ሳምንት የሊቨርፑሉ በረኛ አሊሰን ከኖርዊች ጋር በ39ኛው ደቂቃ ተጎድቶ ሲወጣ ቤንች ላይ ጥሩ በረኛ የነበረው ሰው ሁሉ በአሊሰን ነጥብ ብቻ ቀርቷል። ለአሊሰን የገባው አድሪያን ሊቨርፑል ከፈረመ ሳምንት እንኳ አልሞላውም ነበር። ከዚያ በኋላ ሰባት የሊግ ጨዋታ በተከታታይ ጀምሮ ሁለት ክሊን ሺት ነው ያገኘው፤ ከበርንሌይና ከሼፊልድ ዩናይትድ ጋር። ሊቨርፑል ሰባቱንም አሸንፏል፤ የቡድኑ ማሸነፍ ግን ለበረኛ ነጥብ አይሰጥም።

ሁለተኛው ቤንች ቡስት ነው፤ ለአንድ ሳምንት የቤንች ተጫዋቾችህ ነጥብም የሚደመርበት ዕድል ማለት ነው። ዘንድሮ ሁለት ተሰጥቶናል፤ የመጀመሪያው ከ19ኛው ሳምንት ዴድላይን (ቡድን መቀየር ከሚዘጋበት ሰዓት) በፊት ካልተጠቀምክበት ይቃጠላል። እኔ ብሆን የዎልቭስን ጨዋታ አነጣጥራለሁ፤ ዎልቭስ በ7 ጨዋታ 5 ጎል ብቻ ነው ያስቆጠረው። አርሰናልም በዚያው ሳምንት በሜዳው ከክሪስታል ፓላስ ጋር ስለሆነ ሁለቱም በረኞችህ ይቆጠሩልሃል። የቀሩት ሦስቱ የቤንች ተጫዋቾችህ ግን የሚሰለፉ መሆናቸውን አይ፤ አንድ በረኛ ብቻውን ቤንች ቡስት አይሠራም።

ሰዓቱን ደግሞ ልብ በል። 9ኛው ሳምንት ዓርብ ማታ በሊድስና ዌስትሃም ይጀመራል። ዴድላይን ከመጀመሪያው ጨዋታ 90 ደቂቃ በፊት ስለሆነ ጥቅምት 14 ዓርብ ምሽት 2፡30 ይዘጋል። ቅዳሜ ጠዋት እነሳለሁ ያለ ያልቅበታል። ጥቅምት 16 ላይ እንግሊዞች ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ይመልሳሉ፤ ከዚያ በኋላ እስካሁን ቅዳሜ ቀን 7 ሰዓት ይዘጋ የነበረው 8 ሰዓት ይሆናል። መብራትና ኔትወርክ እንደሆነ እናንተም ጋ እኛም ጋ ያው ነው፤ ከዋዜማው ጨርሰው። ቤንች ስትቀያይር ገጹ ላይ ሴቭ (አስቀምጥ) የሚለውን ቁልፍ ሳትጫን ከገጹ ከወጣህ ምንም አልተቀየረም።

ቧንቧ ውሃ (ደሴ)

የዕድሜውን ጥያቄ እኔ ልመልስ። በረኛ በ36 ዓመቱ አያረጅም፤ የሚያስፈራው ከኋላው ማን አለ የሚለው ነው። በርንሌይ ክረምቱ ላይ በረኛውን ትራፎርድን ለሲቲ ሲሸጥ ሁለት በረኛ አመጣ፤ አንዱ ዱብራቭካ፣ ሌላው ከጀርመኑ ካርልስሩኸ የመጣው የ21 ዓመቱ ማክስ ቫይስ ነው። ቫይስ ለነገ የተገዛ ነው። ቡድኑ ከመውረድ ጋር እየታገለ እያለ አሰልጣኝ ልምድ ያለውን ለወጣት አይቀይርም፤ ተስፋ የቆረጠ ቀን ግን ሊቀይር ይችላል። ስለዚህ የምትከታተለው ልደቱን ሳይሆን የደረጃ ሰንጠረዡን ነው።

አሁን ስለ ሥራው። ዱብራቭካ በፈረንጆቹ ጥር 2018 ከስፓርታ ፕራግ ኒውካስል ገብቶ በመጀመሪያ ጨዋታው ዩናይትድን 1 ለ 0 ሲያሸንፉ ጎል አልገባበትም። ሌላው በረኛ ፖፕ በ2022 ሲመጣ ሁለተኛ ሆነ። ከዚያ በኋላ የፋንታሲ ዋጋው ሁሉ በፖፕ ጉዳት ላይ የቆመ ነው። በታኅሣሥ 2023 ፖፕ ትከሻው ሲወልቅ ገባ፤ በፈረንጆቹ ጥር 1 ላይ ሊቨርፑል 4 ለ 2 ሲያሸንፋቸው የሳላህን ፔናልቲ አዳነ፤ ፔናልቲ ማዳን 5 ነጥብ ስለሆነ አራት ጎል ገብቶበትም አተረፈ። በታኅሣሥ 2024 ፖፕ እንደገና ሲጎዳ ሌስተር፣ ኢፕስዊች፣ ቪላና ዩናይትድ በተከታታይ ሊያስቆጥሩበት አልቻሉም። ያን ጊዜ የያዘው ሰው 16 ነጥብ በክሊን ሺት ብቻ ወስዷል። ልዩነቱ ፊቱ የነበረው የኒውካስል ተከላካይ ነው። ጓንቱ ያው ነው፣ እጁም ያው ነው።

እንዲህ ያለ በረኛ ለምን ትልቅ ቡድን ገብቶ ሦስተኛ በረኛ ሆኖ ደሞዙን እየበላ አይቀመጥም የሚል ካለ መልሱ ምዝገባው ላይ ነው። አንድ የፕሪሚየር ሊግ ቡድን ከሚያስመዘግባቸው 25 ተጫዋቾች ውስጥ እዚያ ያላደጉት ከ17 መብለጥ አይችሉም። በእንግሊዝ ወይም በዌልስ ክለብ 21 ዓመት ሳይሞላው ሦስት ዓመት የቆየ ግን እንደ አገር ልጅ ይቆጠራል። በረኞቹ ስኮት ካርሰን እስከ 39 ዓመቱ ሲቲ፣ ቶም ሂተን ዩናይትድ የቆዩት ጥሩ ሰዎች ስለሆኑ ብቻ አይደለም፤ ከ17ቱ ቦታ አይነኩም። ስሎቫኩ ዱብራቭካ ግን አንዱን ይይዛል። ሦስተኛ በረኛ ለማድረግ የውጭ ቦታ ማባከን ብዙ ቡድን አይወድም። ስለዚህ እሱ ወይ አንደኛ ወይ ሁለተኛ መሆን ይሻለዋል፤ በርንሌይን የመረጠውም ለዚህ ይመስለኛል። የስሎቫኪያ ብሔራዊ ቡድንም አለበት፤ ጳጉሜን ሊገባ ሲል ጀርመንን በብራቲስላቫ 2 ለ 0 ሲያሸንፉ በረኛው እሱ ነበር። የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ላይ ያለ ሰው ደግሞ ክለቡ ውስጥ ቤንች አይመኝም።

በነገራችን ላይ የካርሰን ነገር ያስቃል። ለሲቲ በሊጉ የተጫወተው አንዴ ነው፤ በግንቦት 2021 ኒውካስልን 4 ለ 3 ሲያሸንፉ። የኒውካስሉን የዊሎክን ፔናልቲ አዳነ፣ የተመለሰችውን ኳስ ያው ዊሎክ አገባት። በፋንታሲ ግን አምስቱ ነጥብ አልተሰረዘም። ዱብራቭካም በ2021 አውሮፓ ዋንጫ የስፔኑን የሞራታን ፔናልቲ አድኖ ትንሽ ቆይቶ በቡጢ እመታለሁ ሲል ኳሷን ራሱ ወደ ራሱ መረብ ሰደዳት።

የቦርከና ዳር (ኮምቦልቻ)

አላህ ይስጥልኝ፣ ራያ አይሸጥም ማለት ነው። አንድ ነገር ብቻ፦ የ8ኛው የሊድስ ጨዋታ በሜዳቸው ስለሆነ ለዚያ ሳምንት ብቻ ዱብራቭካን ከራያ ፊት ላሰልፈው? አርሰናል ፉልሃም ሜዳ ነው የሚሄደው። ደግሞ ዋጋው ከፍ ቢል ሸጬ ላትርፍበት?

ጦሳ ሥር (ደሴ)

ለ8ኛው ራያን አሰልፍ። የአርሰናል ተከላካይ ከሜዳ ውጪም በሰባት ሳምንት ሦስት ጎል ብቻ የገባበት ያው ተከላካይ ነው። ዱብራቭካን ከራያ የምታስቀድመው አርሰናል ከሊጉ ጠንካራ አጥቂ ጋር ከሜዳ ውጪ ሲሆንና በርንሌይ በሜዳው ከታች ካሉት ጋር ሲሆን ብቻ ነው፤ ሁለቱ አንድ ላይ የሚገጥሙበት ሳምንት ጥቂት ነው። 10ኛው ሳምንት ላይማ ሁለቱ እርስ በርስ ይገናኛሉ፤ እዚያ ምን ታስባለህ?

በዋጋው አትጓጓ። ስትሸጥ የምታገኘው የትርፉን ግማሽ ነው፤ ግማሹም ወደ ታች ይጠጋጋል። በ4.0 ገዝተህ 4.1 ቢሆን የምትሸጠው በ4.0 ነው፤ 4.2 ሲደርስ ገና 4.1 ታገኛለህ። ለዚያ ብለህ ነፃ ዝውውር አታቃጥል፣ 4 ነጥብ ሂት (ከነፃው በላይ ስትቀይር የሚቀነስብህ) ደግሞ ጭራሽ።

ሸዋ በር (ደሴ)

በርንሌይ ከ10ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት አርሰናል፣ ዌስትሃምና ቼልሲ ነው የሚገጥሙት፤ እዚያ ላይ እጅህን እንዳታስገባ። ቫይስ ቦታውን ከወሰደ ደግሞ ለመቀየር አትቸኩል፤ 16ኛው ሳምንት ላይ በአፍሪካ ዋንጫ ምክንያት ለሁሉም ነፃ ዝውውር እስከ አምስት ይሞላለታል። ያን ጊዜ አንዷን ለሁለተኛ በረኛ ብታውላት አይከብድህም።