የወቅቶች ትንንሽ ሹራብ መጫወቻዎች፦ የጋራ ፕሮፖዛሉ ላይ ሀሳብ ስጡ

ጸሐፊ፦ የተነጋገርነውን እዚህ አስቀምጫለሁ፣ ታሪኩን ሁላችሁም ስለምታውቁት አላስረዝምም። 12 መጫወቻ፣ ለየወቅቱ ሶስት ሶስት፣ ቁመታቸው ከ8 ሴንቲ የማይበልጥ፣ በተረፈ ክር የሚሰሩ፣ ጀማሪ በሚገባው አጻጻፍ፣ በፒዲኤፍ በነፃ የሚለቀቅ። ከካዝና የሚወጣው ለናሙና ክርና ለፎቶ ብቻ ነው። የዲዛይኑ ባለቤት ስም በየገፁ ይገባል፣ የሰሪዋ ስም ጠፍቶ የዞረው የጃርቱ ፓተርን (የአሰራር መመሪያ) ነገር እንዲደገም አንፈልግም። ሀሳብ ያለው እስከ አርብ።

ቀይ ኮፍያ፦ ወፏንና ንቧን እኔ እሰራለሁ። ፎቶውንም ለኔ ተዉት፣ ካሜራ አለኝ።

ክር በክር፦ 8 ሴንቲ ሲባል ጆሮ ይቆጠራል? የኔ ጥንቸል እስከ አናቷ 7 ተኩል ናት፣ ከነጆሮዋ ግን 11 ትደርሳለች።

ጸሐፊ፦ ቁመት ከእግር እስከ ጫፍ ነው።

ክር በክር፦ እንደዛ ከሆነ ጥንቸል አትግባ በሉና እንገላገል። የጥንቸል መልኳ እኮ ጆሮዋ ነው፣ ጆሮዋን ካሳጠርኩት አይጥ ሆነች ማለት ነው።

ባለአምስት መርፌ፦ ጆሮ ይቆጠራል። 8 ሴንቲ የተባለው በአንድ ፎቶ ሲደረደሩ እኩል እንዲታዩና የክሩም መጠን እንዲታወቅ ነው። ለአንዷ ከፈቀድን አጋዘኑም ቀንድ አለው፣ የበረዶ ሰውየውም ባርኔጣ አለው፣ ሁሉም የራሱን ይዞ ሊመጣ ነው።

ክር በክር፦ ባርኔጣ ይወልቃል። ጆሮ ይወልቃል እንዴ?

ልኬት፦ ዲዛይኑን ሳትነኩ ክሩን ቀይሩ። ጥንቸሏ በ3 ሚሊ መርፌ ነው የተሰራችው፣ በ10 ሴንቲ ውስጥ 26 ቀለበት (መርፌ ላይ የሚያዘው የክር ዙር) ይገባል። ቀጭኑን ክር፣ 100 ግራሙ 400 ሜትር የሚሆነውን፣ በ2 ሚሊ መርፌ ጠበቅ አድርጋችሁ ብትሰሩት 36 አካባቢ ይገባል። 11ን በ26 አባዙና ለ36 አካፍሉት፣ ከነጆሮዋ 8 ሴንቲ ትሆናለች። አንድም ቀለበት አይቀነስም።

ክር በክር፦ ሂሳቡን አውቀዋለሁ ወንድሜ። ፕሮፖዛሉ ግን ጀማሪ ይላል። ጀማሪ በ2 ሚሊ መርፌ፣ በአራት መርፌ ላይ 18 ቀለበት ይዞ ዙሪያውን ሲሰራ አይተህ ታውቃለህ? ጆሮ ላይ ሳይደርስ ነው የሚተወው። ለጀማሪ ወፈር ያለ ክር ነው የሚሰጠው፣ ወፈር ካለ ደግሞ ትልቅ ይወጣል። ወይ 8 ሴንቲውን ያዙ ወይ ጀማሪውን ያዙ።

ባለአምስት መርፌ፦ ጀማሪ ዝርግ ሰርቶ መስፋት ይችላል እኮ፣ ክብ መስራት ግዴታ አይደለም።

ክር በክር፦ ዝርጉ ጠርዙ ይጠቀለላል፣ በዛች መጠን ስፌቱ ሆዷ ላይ ጎልቶ ይወጣል። ሰርታችሁ እዩትና ከዛ አውሩ።

የልጆች እናት፦ ይቅርታ ላቋርጣችሁ፣ አይኑን በምንድነው የምንሰራው? የፕላስቲኩ ከኋላ በቆላፊ ይያዛል ግን ሹራብ ሲለጠጥ ከነቆላፊው ሾልኮ ይወጣል፣ ትንንሽ ቁርጥራጭ መለኪያው ሲሊንደር ደግሞ ስፋቱ 31.7 ሚሊ ሜትር ነው፣ ከዛ ውስጥ የሚገባ ነገር ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ ማነቂያ ነው ተብሎ ነው የሚወሰደው። አይኑ በጥቁር ክር ይጠለፍ፣ ከሙሌቱ በፊት እንዲጠለፍ መመሪያው ላይ ይፃፍ፣ ክሩም ከውስጥ በደንብ ይቋጠር። በነፃ ስንለቀው ማን ለማን እንደሚሰጠው አናውቅም።

ልኬት፦ ትክክል። ይግባ።

ባለአምስት መርፌ፦ ይግባ። ጆሮውስ ምን ተባለ?

ገንዘብ ያዥ፦ ከጆሮው በፊት ካዝናውን እዩልኝ። ለ12 ናሙና፣ አንዱን ሶስት ሰው ፈትኖት፣ 36 መጫወቻ ነው። የተረፈ ክር ትላላችሁ እንጂ ቀለሙ አንድ ይሁን ሲባል ሁሌም አዲስ ነው የሚገዛው፣ ባለፈውም እንደዛ ነው የሆነው፣ መዝገቡ እኔ ጋ አለ። በነፃ ከለቀቅነው ወጪውን ማን ይተካዋል? ቢያንስ ግማሹ ይሸጥ።

ጸሐፊ፦ በነፃ የሚለው በስብሰባ ያለቀ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ በስብሰባው ማን ነበር? ስንት ሰው ነበር?

ክር በክር፦ የሚሸጥ ከሆነ የዲዛይነሩ ድርሻ ምን እንደሆነ አሁኑኑ ይፃፍ። የጃርቱ ፓተርን ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የሰራችው ልጅ ስሟ የለም፣ የሌላ ሰው ፎቶ ተለጥፎበት ነው የመጣልን፣ እሷም ከዛ ወዲህ እዚህ አትገባም። አሁን ደግሞ የኔን ስራ በማስመሪያ እየለካችሁ ቁረጪው ትሉኛላችሁ። ጥንቸሏን አንስቻለሁ። 11 ዲዛይን ስሩ።

ባለአምስት መርፌ፦ ማንም ቁረጪ አላለሽም! ህግ ለሁሉም እኩል ይሁን ነው ያልነው። ደግሞ ሁሌ እንዲህ ነሽ፣ ነገር ሲጠብቅ አንስቻለሁ።

ክር በክር፦ ሁሌ ያልሽው መቼ መቼ እንደሆነ ፃፊው።

እማማ ሱፍ፦ ልጆቼ ተረጋጉ። አንቺም ልክ ነሽ እሷም ልክ ናት። ጆሮዋ የሚወርድ ጥንቸል አለች፣ በጉንጯ ላይ የሚንጠለጠል። ጆሮውን ለብቻው ሰርቶ ከአናቷ በታች ወደ ታች መስፋት ነው፣ ርዝመቱ እንዳለ ይቆያል፣ ቁመቷ 7 ተኩል ይሆናል። ጀማሪም ይችለዋል፣ ቀጥ ብሎ እንዲቆም መታገል የለበትም። እኔ ለልጅ ልጆቼ የምሰራው እንደዛ ነው።

ልኬት፦ ይሄ ጥሩ ነው እማማ።

ክር በክር፦ እማማ እርስዎ ካሉ እሺ። ግን ለብርድ ወቅቷ ጥንቸል ብቻ። የአበባ ወቅቷ ጆሮዋ ይቆማል፣ እሱ ላይ አልደራደርም።

ባለአምስት መርፌ፦ ጥንቸል ሁለት ሆነች እንዴ? ለየወቅቱ ሶስት አይደል? የአበባው ወፍ፣ ንብና ጫጩት ነው።

ጸሐፊ፦ ወፉና ንቡ የቀይ ኮፍያ ነው። ቀይ ኮፍያ የት ደረሰ? ካሜራ አለኝ ብሎ ነበር።

ልኬት፦ በግልም ፃፍኩለት፣ አልመለሰም። መብራት ካስተካከላችሁልኝ በስልክ ላነሳው እችላለሁ።

አዲስ አባል፦ እኔ አንድ ሀሳብ አለኝ፣ አናታቸው ላይ ማንጠልጠያ ክር ቢደረግላቸው በር ላይም መስኮት ላይም ይሰቀላሉ፣ ከተሰቀለ ማንም ቁመት አይለካም፣ ጆሮም ጉዳይ አይሆንም፣ ለስጦታም ይሆናል፣ የሚሸጥ ከሆነም ጌጥ ቶሎ ይሄዳል።

ገንዘብ ያዥ፦ ይሄን ወድጄዋለሁ። የብርዱን ወቅት ብቻ እንስራ፣ ሶስቱን፣ ዘጠኝ ናሙና ነው፣ ካዝናው ይችለዋል። የሌላው ወቅት ከዚህ በተገኘው ይሰራል።

የልጆች እናት፦ ጌጥ ነው ብላችሁ አይኑን ፕላስቲክ እንዳታደርጉት። ልጅ ፊት ያለው ነገር ካየ አውርዶ አፉ ውስጥ ነው የሚከተው፣ ማንጠልጠያውም አጭር ይሁን።

ጸሐፊ፦ እኛ እኮ የጀመርነው ጀማሪ በነፃ ወስዶ ለልጁ እንዲሰራ ብለን ነው። አሁን የሚሸጥ ጌጥ ሆነ፣ 12ቱም 3 ሆነ። እስካሁን ያላችሁትን ብቻ ልፃፈው፦ የብርድ ወቅት፣ ጥንቸል፣ አጋዘንና የበረዶ ሰው፣ ማንጠልጠያ ያላቸው፣ አይናቸው በክር የተጠለፈ፣ ስም በየገፁ። ይሸጥ ወይስ በነፃ የሚለው ለድምፅ ይቀርባል። እኔ በበኩሌ በነፃ ነው የምለው፣ እስከ መጨረሻውም እሱን ነው የምከራከረው።

ባለአምስት መርፌ፦ የአጋዘኑ ቀንድ ይቆጠራል?

ክር በክር፦ ለጥንቸሌ ተቆጥሮ ለአጋዘን የማይቆጠርበት ምክንያት የለም።

ባለአምስት መርፌ፦ ከተሰቀለ አይለካም ተባለ እኮ አሁን!

ክር በክር፦ ማን ወሰነው? አዲስ አባሏ ሀሳብ ሰጠች እንጂ የተወሰነ ነገር የለም።

ገንዘብ ያዥ፦ የበረዶ ሰውየውን የሚፈትን ሁለት ሰው ጎድሏል። ነጭ ክር የምትፈልጉ መጠኑን በግራም እስከ አርብ ላኩልኝ፣ ከዛ በኋላ ለመጣ ካዝና አልከፍትም።