ጅማ ያለ ላፕቶፕ ቦታውን ሲጠየቅ "አዲስ አበባ" ይላል

ቆጪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ኡቡንቱ ላይ፣ ተርሚናል ውስጥ በከርል (ከድረ ገጽ መረጃ በሚያመጣው ትእዛዝ) አይፒኢንፎን፣ ማለትም ከአይፒ ቁጥር ቦታ የሚገምተውን ድረ ገጽ፣ ስጠይቅ ከተማውን አዲስ አበባ፣ ኬክሮሱን 9 ነጥብ ምናምን ይለኛል። ማሽኑ ግን ጅማ ነው። የቡና ችግኝ ጣቢያዎችን የሚመዘግብ ስክሪፕት ነጥቡን ራሱ እንዲጽፍ በየትኛው ትእዛዝ ልጠቀም?

ጂሬን፦
ከርል ማሽኑ የት እንዳለ አያውቅም፤ የሚመጣልህ የአይፒ ቁጥሩ መዝገብ ላይ የተጻፈው ከተማ ነው። በሞባይል ዳታ ብዙ ደንበኛ አንድ የውጭ አይፒ ስለሚጋራ ይብሳል። ስህተቱ በአየር 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለሰዓት ቀጠና ይበቃል፣ ለችግኝ ጣቢያ አይሆንም። ቪፒኤን ከተከፈተማ አገሩም ይቀየራል።

ሄርማታ፦
ጂኦክሉ የሚባለውም አለ። በዙሪያህ ያሉትን የዋይፋይ ራውተሮች መለያ ወደ መረጃ ቋት ልኮ ቦታ ይጠይቃል። ራውተሮቹን ቀድሞ ያስመዘገበ ከሌለ ግን ያው አይፒ ላይ ይወድቃል። ይገለገልበት የነበረው የሞዚላ አገልግሎትም በ2024 እ.ኤ.አ. ተዘግቷል። ገጠር ስትወጣ ደግሞ ምን ራውተር አለ? ዩኤስቢ ጂፒኤስ ግዛና ተገላገል።

ጂሬን፦
እስማማለሁ። ጂፒኤስዲን (መቀበያውን ከጀርባ ሆኖ የሚያነበውን ፕሮግራም) ከነደንበኛ ፕሮግራሞቹ ጫን። መቀበያውን ስትሰካ በምን ስም እንደመጣ በዲሜስግ (የሲስተሙን መልእክቶች በሚያሳየው ትእዛዝ) እይ፤ አብዛኛውን ጊዜ ቲቲዋይ ኤሲኤም 0 ወይም ቲቲዋይ ዩኤስቢ 0 ነው። ስሙን የጂፒኤስዲ ማስተካከያ ፋይል ላይ ጽፈህ አገልግሎቱን እንደገና አስነሳ። በስክሪፕቱ ውስጥ ከደንበኛ ፕሮግራሞቹ አንዱን ጂፒኤስፓይፕን በሰረዝ ደብልዩ ጥራውና ቲፒቪ የሚል ቃል ያለበትን፣ ቦታውን የያዘውን መስመር ብቻ ውሰድ። መስመሩ ላይ ሞድ 1 ከሆነ መቀበያው ቦታውን ገና አልያዘም፤ 3 እስኪል ጠብቅ። ቆርቆሮ ጣሪያ ስር ሆነህ ብትጠብቅ ዋጋ የለውም፣ ሰማይ ወደሚታይበት አውጣው። ምንም ካልመጣ ሞደም ማናጀር (ሞደሞችን የሚቆጣጠረው ፕሮግራም) ወደቡን ይዞት ሊሆን ስለሚችል አጥፍተህ ሞክር።

ቆጪ፦
ተባረኩ። ወደቡን በካት ትእዛዝ በቀጥታ ሳነበው ኬክሮሱን 0740.2 ይላል። 7.40 ብዬ ልጻፈው?

ሄርማታ፦
ኧረ እንዳታደርገው! እሱ 7 ዲግሪ ከ40.2 ደቂቃ ነው። ደቂቃውን ለ60 አካፍለህ ስትደምር 7.67 ይሆናል። 7.40 ብለህ ከጻፍክ ነጥብህ 30 ኪሎ ሜትር ወደ ደቡብ ይሸሻል። ጂፒኤስፓይፕ በሰረዝ ደብልዩ ሲጠራ ግን ቀይሮ ነው የሚሰጥህ፣ ድጋሚ እንዳታካፍል። ወደ ጂኦጄሰን (የካርታ ነጥቦች የሚጻፉበት የፋይል ዓይነት) የምታስገባ ከሆነ ኬንትሮስ ይቀድማል፦ 36.83፣ ከዚያ 7.67። ካገላበጥከው ችግኝ ጣቢያህን አልጄሪያ፣ አናባ ከተማ አጠገብ ታገኘዋለህ።