የአንድ ካሜራ ምስል ለስድስት ቴሌቪዥኖች፦ ከአዳራሹ እስከ ድንኳኑ እንዴት ይድረስ?

ጥያቄ (የሰንበት ትምህርት ቤት አገልጋይ፣ አዲስ አበባ)

ጤና ይስጥልኝ። በዓመታዊው ክብረ በዓል ምእመናኑ ከአዳራሹ ተርፈው በግቢው ስለሚቆሙ፣ ከመድረኩ የሚቀረፀውን ስብከትና መዝሙር በቀጥታ ለስድስት ቴሌቪዥኖች እንድናደርስ ሰበካ ጉባኤው ወስኗል። ያለን አንድ ካሜራ ኤችዲኤምአይም (የተለመደው የቴሌቪዥን ማገናኛ) ኤስዲአይም (የስርጭት ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት የምስል መስመር) መውጫ አለው። ሁለቱ ቴሌቪዥኖች በአዳራሹ ውስጥ 12 ሜትር ያህል ይርቃሉ፤ ሁለቱ በሰንበት ትምህርት ቤቱ ክፍል በ60 ሜትር ርቀት ላይ ናቸው፤ የቀሩት ሁለቱ ከዚያው አልፎ በድንኳን ሥር 90 ሜትር ላይ ይቆማሉ። አንድ ነጋዴ ባለ ስምንት መውጫ የኤችዲኤምአይ ስፕሊተር (አንዱን ምስል ለብዙ መውጫ የሚያባዛ መሣሪያ) እና ረጃጅም ኬብሎች ብቻ ይበቃሉ ብሎናል። በአዳራሹ ያለው ሰው ሰባኪውን በዓይኑም ስለሚያየው ምስሉ እንዲዘገይ አንፈልግም። የነጋዴው ምክር ያዋጣል?

መልስ (የቀጥታ ስርጭት ባለሙያ፣ አዲስ አበባ)

ለአዳራሹ ሁለት ቴሌቪዥኖች ሊሠራ ይችላል፤ ለሌሎቹ ግን አይሠራም። ተራ የመዳብ ኤችዲኤምአይ ኬብል ለሙሉ ኤችዲ ምስል ከ10 እስከ 15 ሜትር ካለፈ አስተማማኝ አይደለም፤ ምስሉ ብልጭ ድርግም ይላል ወይም ጨርሶ ይጠፋል። ስፕሊተሩ ምስሉን ያባዛል እንጂ ርቀቱን አያሸንፍም።

ካሜራዎ የኤስዲአይ መውጫ ስላለው ከእርሱ ይነሡ። ከካሜራው የሚወጣውን አንድ መስመር ባለ አራት መውጫ የኤስዲአይ ማከፋፈያ ውስጥ ያስገቡና ወደየአቅጣጫው በአርጂ 6 ኬብል (የዲሽ ዓይነት ኮአክሲያል ኬብል) እና በቢኤንሲ ጫፍ (ተጠምዝዞ በሚቆለፍ ማያያዣ) ይዘርጉት። በየቦታው ምስሉን ወደ ኤችዲኤምአይ የሚቀይር አንድ ኮንቨርተር ይቀመጣል፤ ከእርሱ ቀጥሎ አነስተኛ ባለ ሁለት መውጫ ስፕሊተር ሁለቱን ቴሌቪዥኖች ያገለግላል። ነጋዴው ያሰበው ዕቃ ቦታው እዚህ ነው። ኬብሉ የግድ ባለ 75 ኦም (የኬብሉ የኤሌክትሪክ ጠባይ መለኪያ) ይሁን፤ ለሬዲዮ መገናኛ የሚሸጠው ባለ 50 ኦም መልኩ ቢመሳሰልም ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ካሜራውን በ1080አይ 50 (በሴኮንድ 50 ግማሽ ምስሎች) ያስተካክሉት። በዚህ አሠራር ምልክቱ በሴኮንድ 1.485 ጊጋቢት ስለሆነ ጥሩ አርጂ 6 ኬብል 100 ሜትር ገደማ ይወስደዋል፤ 1080ፒ 50 (በሴኮንድ 50 ሙሉ ምስሎች) ከመረጡ ግን መጠኑ ወደ 2.97 ስለሚያድግ የሚሄድበት ርቀት ያጥራል። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ በመሆኑም ካሜራው በ60 ከተቀመጠ በፍሎረሰንት መብራት ሥር ምስሉ ሊርገበገብ ይችላል። ድንኳኑ ከትምህርት ቤቱ ክፍል አልፎ ስለሆነ፣ በክፍሉ የሚቀመጠው ኮንቨርተር ምልክቱን አጥርቶ መልሶ የሚያወጣ ሁለተኛ መውጫ ካለው፣ ከዚያ 30 ሜትር ብቻ ወደ ድንኳኑ መዘርጋት ይቻላል፤ በክፍሉ መብራት ሲጠፋ ግን ድንኳኑም አብሮ እንደሚጨልም ይወቁት።

መልስ (የኔትወርክ ባለሙያ፣ ባሕር ዳር)

ቴሌቪዥኖቹ ወደፊት የሚበዙ ከሆነ ምስሉን በኔትወርክ መላክ ይሻላል እላለሁ፤ አንድ ላኪ መሣሪያ በስዊች (የኔትወርክ መስመሮችን በሚያገናኝ መሣሪያ) በኩል ለብዙ ተቀባዮች ያደርሳል፣ ቴሌቪዥን ለመጨመርም አንድ ተቀባይ መግዛት ይበቃል። ይሁን እንጂ ስዊቹ የጋራ ስርጭትን ለይቶ ለሚፈልገው መስመር ብቻ የሚያደርስ ካልሆነ ምስሉ በሁሉም መስመር ላይ ይጎርፋል፤ በዚያው ኔትወርክ ላይ ዋይፋይ ካለ ደግሞ ያጨናንቀዋል። በርካሾቹ መሣሪያዎች ምስሉ በዓይን በሚታይ መጠን ይዘገያል፤ ስለዚህ ለአዳራሹ አልመክረውም። እንደ ኔትወርክ ኬብል በየሱቁ የሚሸጠው ሁሉ ንጹሕ መዳብ አይደለም፤ በመዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ለረጅም መስመር አይታመንም።

መልስ (የቤተ ክርስቲያን ሚዲያ አገልጋይ፣ ሜሪላንድ)

እኛ በአሜሪካ በምናገለግልበት አዳራሽ የምንጠቀመው ሞዱሌተር ነው። ምስሉን እንደ አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ አድርጎ በኮአክሲያል ኬብል ያሰራጫል፤ እያንዳንዱ ቴሌቪዥን ጣቢያውን ፈልጎ ይይዛል፣ ኮንቨርተርም አያስፈልግም። ለእናንተ የሚሆነው በዲቪቢ-ቲ (የዲጂታል ቴሌቪዥን ስርጭት ደረጃ) የሚሠራው እንጂ የአሜሪካው ዓይነት አይደለም፤ ከዚህ በዘመድ በኩል ስታስመጡ ይህን ልብ በሉ። ምስሉ ከግማሽ ሴኮንድ እስከ አንድ ሴኮንድ ሊዘገይ ስለሚችል ለድንኳኑ እንጂ መድረኩ ለሚታይበት ቦታ አይመችም። መውጫውንም በምንም ዓይነት ከአንቴና ጋር አታገናኙት፤ ወደ አየር ይለቃልና።

ተጨማሪ ጥያቄ (ጠያቂው)

እግዚአብሔር ይስጥልን። በኤስዲአይ እንሄዳለን። በግቢው የቀንድ ድምፅ ማጉያዎች አሉን፤ ድምፁን ከቴሌቪዥኖቹ እናውጣ ወይስ እንዝጋው? ደግሞም አንዱ የክፍሉ ቴሌቪዥን አሮጌ ሲሆን ሙሉ ኤችዲ አይቀበልም።

መልስ (የቀጥታ ስርጭት ባለሙያ፣ አዲስ አበባ)

በተዘጋው ክፍል ከቴሌቪዥኑ ይውጣ፤ ለዚህም ከድምፅ ሚክሰሩ አንድ መስመር ወደ ካሜራው የድምፅ መግቢያ ይግባ፣ በካሜራው ማይክ አይመኑ። በድንኳኑ ግን የማጉያዎቹ ድምፅ የሚደርስ ከሆነ የቴሌቪዥኖቹን ይዝጉት። ድምፅ በአየር በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ 90 ሜትር ርቆ ከተሰቀለ ማጉያ የሚመጣው ሩብ ሴኮንድ ገደማ ይዘገያል፤ ሁለቱ ሲደራረቡ ስብከቱ አይሰማም።

አሮጌው ቴሌቪዥን ከአዲሱ ጋር በአንድ ስፕሊተር ከተጣመረ፣ ስፕሊተሩ የሚቀበለውን የምስል ዓይነት ከአንደኛው ቴሌቪዥን አንብቦ ለሁለቱም ስለሚያውጅ ጣጣ ያመጣል። ከምስል መጠን መቀየሪያ ጋር የተሠራ ኮንቨርተር ለብቻው ይስጡት፤ ካልሆነ መተካቱ ይረክሳል። በአዳራሹ ባሉት ላይ ደግሞ የጨዋታ ሁነታውን ያብሩ፤ ቴሌቪዥኑ ራሱ ምስሉን ለማሳመር የሚያጠፋው ጊዜ ይቀንሳል። በካሜራው ስክሪን ላይ የሚታዩት የባትሪና የሰዓት ምልክቶች ወደ መውጫው እንዳይሄዱም ከሜኑው ያጥፏቸው።

መልስ (የኤሌክትሪክ ባለሙያ፣ አዳማ)

ሁለቱ ሕንፃዎች በተለያየ ቆጣሪና መሬት ገመድ የሚሠሩ ከሆነ፣ የኬብሉ መሸፈኛ ሽቦ በመካከላቸው ጅረት ሊያሳልፍ ይችላል፤ በክረምት ነጎድጓድ ደግሞ መሣሪያዎቹን ሊያቃጥል ይችላል። በሕንፃዎቹ መካከል ያለውን 60 ሜትር በፋይበር (ምልክቱን በብርሃን በሚወስድ የመስታወት ኬብል) ቢያደርጉትና በሁለቱ ጫፍ የኤስዲአይ ፋይበር መቀየሪያ ቢያስቀምጡ ይህ ችግር አይኖርም፤ ፋይበሩን መሬት ውስጥ በፕላስቲክ ቱቦ ይቅበሩት፣ ለወደፊቱም አንድ ትርፍ መስመር አብራችሁ ሳቡ። የድንኳኑን ቴሌቪዥኖች መብራት ኮንቨርተሩ ከተሰካበት ሕንፃ ሳቡት፤ ከጎረቤት አትዋሱ።