የባቄላ ቆርምድ ናሙና ለማስነበብ፦ ከአውሮፓ ተቋማትና ድርጅቶች የትኛው ምን ይሠራል?

ባሶና27 (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁም። ከባሶና ወራና፣ ከሞጃና ወደራና ከጣርማበር የተሰበሰበ፣ ቆርምድ (ቅጠሉን የሚያሳብጥ በሽታ) የያዘው 60 የባቄላ ቅጠል ናሙና አለ። ግማሹ በሲሊካ ጄል የደረቀ ነው፣ ግማሹ ፍሪዘር ውስጥ። የማስተርስ ሥራ ነው። አንደኛ፣ የበሽታ አምጪውን ማንነት በሲኩዌንሲንግ (ዲኤንኤውን በማንበብ) ማረጋገጥ እፈልጋለሁ። ሁለተኛ፣ ከተቻለ ለ3 ወር የሚቀበል ላብ። ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ የሚመጣው የስም ክምር ብቻ ነው፦ ቪአይቢ፣ አይፒኬ፣ ጆን ኢነስ፣ ዩሮፊንስ፣ ኪያጀን... የትኛው ይመራመራል፣ የትኛው በክፍያ ይሠራል? ቅጠሉ እንዳለ ይላክ ወይስ ዲኤንኤው? በጀቱ ጠባብ ነው።

ሲሊካ

ያደናገረህ ሦስት ዓይነት ቤት አንድ ዝርዝር ውስጥ ስለገባ ነው። ኪያጀን (ሂልደን፣ ጀርመን) በዋናነት ኪትና መሣሪያ ሻጭ ነው። ዩሮፊንስ ጂኖሚክስ (ኤበርስበርግ፣ ጀርመን)፣ ማይክሮሲንዝ (ባልጋኽ፣ ስዊዘርላንድ) እና ማክሮጀን አውሮፓ (አምስተርዳም) በክፍያ ያነባሉ። አካውንት ከፍተህ ታዛለህ፣ ከፍለህ ትልካለህ፣ ውጤቱ በኢንተርኔት ይመጣል፤ የሚለመን ፕሮፌሰር የለም። ለመጀመሪያው ጥያቄህ የሚበቃህ ይኸው ነው።

የተቀሩት የምርምር ቤቶች ናቸው፣ የእነሱ መግቢያ ትብብር እንጂ ክፍያ አይደለም። አይፒኬ ጋተርስሌበን የጀርመን ፌዴራል ዘር ባንክ ያለበት ነው፣ 150,000 ገደማ የዘር ናሙና ይዟል። ስሙ የገነነው በገብስ ቢሆንም በባቄላም እጁ አለበት፤ የባቄላን ጂኖም እ.ኤ.አ. በ2023 ይፋ ካደረጉት ውስጥ አይፒኬ፣ የሬዲንግ (እንግሊዝ)፣ የኦርሁስ (ዴንማርክ) እና የሄልሲንኪ (ፊንላንድ) ዩኒቨርሲቲዎች ይገኙበታል። ጆን ኢነስ ሴንተርና ሴይንስበሪ ላቦራቶሪ ሁለቱም ኖሪች ናቸው፤ ዕፅዋት በሽታን እንዴት እንደሚከላከሉ ለማጥናት ከዚያ የተሻለ ሰፈር ማግኘት ይከብዳል። ቪአይቢ ደግሞ አንድ ሕንፃ እንዳይመስልህ፤ በፍላንደርስ ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ የተበተኑ ማዕከሎች ናቸው፣ የዕፅዋቱ ያለው ጌንት ነው። እዚያው ጌንት ማርክ ቫን ሞንታጉ እ.ኤ.አ. በ2000 ለታዳጊ አገሮች ብለው ያቋቋሙት አይፒቢኦ የሚባል ክፍል አለ። ለሁለተኛው ጥያቄህ በመጀመሪያ የማንኳኳው ያንን በር ነው።

ደብዳቤ ለዳይሬክተር አይጻፍም፣ ለቡድን መሪ ነው። ስንት ናሙና፣ ከየት ወረዳ፣ በስንት ከፍታ፣ በምን ሁኔታ የተቀመጠ፣ ፈቃዱ የት ደረሰ የሚለውን በአሥር መስመር ጨርስ። "ማንኛውንም ሥራ ለመሥራት ዝግጁ ነኝ" የሚል ደብዳቤ መልስ አያገኝም።

ደግሞ "ሙሉ ጂኖም ይነበብልህ" የሚልህ ካለ አትስማው። የባቄላ ጂኖም 13 ጊጋቤዝ (13 ቢሊዮን የዲኤንኤ ፊደል) ገደማ ነው፤ 30 ጊዜ ደጋግሞ ለማንበብ 390 ጊጋቤዝ መክፈል አለብህ፣ ከቆርምዱ እብጠት የሚወጣው ዲኤንኤ ደግሞ አብዛኛው የባቄላው የራሱ ነው። ለማንነት ማረጋገጫ በፒሲአር (ዲኤንኤ ማባዣ ዘዴ) የተባዛ አጭር ቁራጭ በሳንገር (አጭር ቁራጭ ማንበቢያ ዘዴ) ይበቃል። ስትተረጉመው ግን አሮጌ ጽሑፍ ይዘህ እንዳትሳሳት፦ በሽታ አምጪው ለረጅም ጊዜ ኦልፒዲየም የተባለ ፈንገስ ነው ሲባል ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ጥናት የኢትዮጵያው ፊዞደርማ የተባለ ሌላ ፈንገስ መሆኑን አሳይቷል።

ደጋ ገብስ

ቅጠሉን አትላክ፣ ዲኤንኤውን እዚሁ አውጣ። ቅጠል ከበሽታው ጋር ሲወጣ የኳራንቲን ጉዳይ ይሆናል፤ ንጹሕ ዲኤንኤ ግን ደርቆ በተራ ሙቀት ይጓዛል፣ ደረቅ በረዶም አይፈልግም።

ባቄላ ተንኮለኛ ነው። ቅጠሉ ሲፈጭ የሚጠቁረው በውስጡ ባሉት ፌኖሎች ነው፣ እነሱ ከዲኤንኤው ጋር ከተጣበቁ ፒሲአሩ ይሞታል። ከደረቀው 20 ሚሊ ግራም፣ ከቀዘቀዘው 100 ሚሊ ግራም በቂ ነው፤ ከእብጠቱ መሐል ቁረጥ፣ ከጤነኛው ጠርዝ አይደለም። የማውጫው ፈሳሽ 2 በመቶ ሲታብ (ሕዋሱን የሚያፈርስ ሳሙና መሳይ ኬሚካል)፣ 1.4 ሞላር ጨው፣ 100 ሚሊሞላር ትሪስ ፒኤች 8፣ 20 ሚሊሞላር ኢዲቲኤ፣ 2 በመቶ ፒቪፒ (ፌኖሉን የሚይዘው)። ሜርካፕቶኢታኖሉን 1 በመቶ አድርገህ የምትጨምረው በዚያው ዕለት ብቻ ነው፤ ያደረ አይሠራም። 65 ዲግሪ ላይ ለ45 ደቂቃ፣ በየ10 ደቂቃው እያገላበጥክ። ከዚያ ክሎሮፎርምና አይሶአሚል አልኮል (24 ለ1) ሁለት ጊዜ፤ አንዴ ብቻ ካደረግኸው ላይኛው ፈሳሽ ቢጫ ሆኖ ይቀራል። በ0.7 እጥፍ አይሶፕሮፓኖል ታወርደዋለህ፣ በ70 በመቶ ኤታኖል ሁለት ጊዜ ታጥበዋለህ።

ፕሮቶኮሎቹ የተጻፉት ባሕር ጠለል አጠገብ እንደሆነ አትርሳ። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ላይ ናት፣ ውሃ እዚህ የሚፈላው 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። "95 ዲግሪ ለ10 ደቂቃ" የሚል ትእዛዝ በፈላ ውሃ አይፈጸምም፤ ደረቅ ብሎክ ወይም ራሱን የፒሲአር ማሽኑን ተጠቀም። አውቶክሌቩም (በእንፋሎት ማምከኛው) ያታልላል። ጌጁ የሚያነበው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ነው፣ የውጭው ግፊት ደግሞ እዚህ ሳስቷል። ስለዚህ 15 ፒኤስአይ ሲያሳይህ ውስጡ 121 ሳይሆን 116 ዲግሪ ገደማ ነው። 121 ለመድረስ 19.5 አካባቢ ያስፈልጋል፤ ማሽኑ ለዚያ ካልተሠራ ግፊቱን አታስጨንቀው፣ ጊዜውን አርዝም። "ፈሳሹ እየተበከለ አስቸገረ" የሚለው የብዙ ላብ ቅሬታ መነሻው ይህች ናት። በሙቀት መለኪያ የሚሠራ አውቶክሌቭ ያለው ግን አይጨነቅ።

ማኅተም

እናንተ ስለ ቱቦ ስታወሩ ወረቀቱ ተረሳ። በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት የዘረመል ሀብት ከአገር የሚወጣው በኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ነው። ዲኤንኤም ቢሆን ያው የዘረመል ሀብት ነው፣ "ቅጠል አይደለም" ማለት ከፈቃድ አያድንም። "ባቄላ በዓለም አቀፉ የዕፅዋት ዘረመል ስምምነት አባሪ 1 ውስጥ አለ" የሚል ክርክርም እዚህ አይጠቅምህም። ባቄላና ገብስ አሉበት (ጤፍ የለችበትም)፤ አንተ የምትፈልገው ግን በሽታ አምጪውን ነው፣ እሱ ዝርዝሩ ውስጥ አይገባም።

በአውሮፓ በኩል የናጎያ ፕሮቶኮል (የዘረመል ሀብት አጠቃቀምና ጥቅም መጋራት ስምምነት) እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 12 ቀን 2014 ጀምሮ ይሠራል፣ የአውሮፓ ኅብረት ደንብ 511/2014 ደግሞ ተመራማሪው ሀብቱ በሕጋዊ መንገድ መገኘቱን እንዲያረጋግጥ ያስገድዳል። ደህና ላብ ፈቃድህን ሳያይ ቱቦህን አይከፍትም። ለክፍያ ድርጅት ስትልክ ውሉ ላይ ሁለት ነገር ይስፈር፦ ናሙናው ለሌላ ሥራ እንዳይውል፣ ከተነበበ በኋላም እንዲወገድ።

ይህ ለቢሮክራሲ ፍቅር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1937 እና 1938 የጀርመን አሰባሳቢዎች ከእኛ ከወሰዱት ገብስ ውስጥ ኤምኤልኦ-11 የሚባለው፣ ዱቄት መሳይ ሻጋታን የሚቋቋም ጂን ተገኘ፤ ዛሬ በብዙ የአውሮፓ ገብስ ውስጥ አለ። የጤፍ ዱቄት ፓተንትም እ.ኤ.አ. በ2018 በሄግ ፍርድ ቤት እስኪሻር ድረስ ኔዘርላንድስ ውስጥ በአንድ ኩባንያ እጅ ነበር።

ባሶና27

ጋሼ ማኅተም፣ እግዜር ይስጥልኝ። ፈቃዱን ከዚህ ሳምንት ጀምሮ እጠይቃለሁ። ደጋ ገብስ፣ አንድ ጥያቄ፦ በሙከራ ከወጡት 8 ናሙናዎች ናኖድሮፕ (ዲኤንኤን በብርሃን የሚለካው መሣሪያ) ላይ የንጽሕና መለኪያው 260/280 ወደ 1.82 ነው፣ 260/230 ግን 0.9። መጠኑ 400 ናኖግራም በማይክሮሊትር ይላል። ይሄ ይላካል?

ደጋ ገብስ

አይላክም፣ 400ውንም አትመነው። ናኖድሮፕ አርኤንኤውንም ቆጥሮልሃል፤ አርኤንኤዝ (አርኤንኤን የሚቆራርጥ ኢንዛይም) ጨምረህ 37 ዲግሪ ላይ 30 ደቂቃ አቆይ፣ ከተገኘ በኪዩቢት (ዲኤንኤን ብቻ ለይቶ በሚለካው) ለካ፣ ከግማሽ በታች ቢወርድ አትደንግጥ። 0.9 ማለት ስኳር፣ ፌኖል ወይም የሲታብ ቅሪት አለ ማለት ነው። እንደገና በኤታኖልና በሶዲየም አሲቴት አውርደህ እጠበው፣ ወደ 1.8 ቢጠጋ ጥሩ። ጊዜ ከሌለህ 1 ለ20 እና 1 ለ50 አቅጥነህ ፒሲአሩን ሞክር፤ ሲቀጥን የሚሠራ ከሆነ ችግሩ ማገጃ እንጂ የዲኤንኤ እጥረት አይደለም።

ሲሊካ

ለሳንገር የሚላከው ደግሞ የጸዳው የፒሲአር ውጤት ነው፣ ጂኖሚክ ዲኤንኤው አይደለም። ከ300 እስከ 1,000 ቤዝ ለሆነ ቁራጭ የተለመደው 15 ማይክሮሊትር፣ በእያንዳንዱ ማይክሮሊትር 5 ናኖግራም ነው፣ ከ10 ማይክሮሞላር ፕራይመር (ንባቡ የሚነሳበት አጭር ዲኤንኤ) 2 ማይክሮሊትር ጋር፤ ከማዘዝህ በፊት የመረጥከውን ድርጅት መመሪያ እይ። በቲኢ (ትሪስና ኢዲቲኤ ባለበት ፈሳሽ) አታሟሟው፣ ኢዲቲኤው የኢንዛይሙን ማግኒዥየም ይይዝበታል፤ ውሃ ወይም 5 ሚሊሞላር ትሪስ ይሁን። ክሮማቶግራሙ (የንባቡ ግራፍ) ላይ ድርብርብ ጫፍ ካየህ ፕራይመሩ ቅጠሉ ላይ ያለ ሌላ ሻጋታም አንስቷል ማለት ነው። ፊዞደርማ በአጋር ላይ ስለማይበቅል ነጥለህ ማሳደግ አትችልም፤ ወይ ቁራጩን ክሎን ታደርጋለህ (ባክቴሪያ ውስጥ ለየብቻ ታባዛለህ)፣ ወይ ለእሱ ብቻ የተሠራ ፕራይመር ትጠቀማለህ።

መጀመሪያ 8ቱን ብቻ ላክ፣ 60ውንም አንዴ አይደለም። ክዳኑ ላይ ቁጥር ብቻ ጻፍ፣ የወረዳውን ስም ኤክሴል ላይ ያዘው። ማርከሩ ኤታኖል ሲነካው የማይጠፋ መሆኑን ደግሞ በባዶ ቱቦ ሞክር።