ጥቆማ፦ ባለ ሦስት ፊደል ቀይ ሳንቲም ከየት ልግዛ?

ሳንቲም ለቃሚ፦ ያለሁት ቤጂንግ ነው። የምፈልገው በምዕራብ ቻይና ያለችውን የሺንጂያንግን ቀይ ሳንቲም ነው፤ ፊቱ ላይ የንጉሠ ነገሥቱ የዘመን ስም በቻይንኛ፣ ጀርባው ላይ የተሠራበት ከተማ ስም፣ አክሱ ወይም ያርካንድ፣ በማንቹና በዐረብ ፊደል የተጻፈበትን። ፓንጂያዩዋን የሚባለው የአሮጌ ዕቃ ገበያ ይሻላል ወይስ ጨረታ?

የቅዳሜ ገበያተኛ፦ ፓንጂያዩዋን! ምን ያጠያይቃል? የእኔ ደንበኛ ሽማግሌ ሻይ ሳይጋብዝ አይሸጥም። እንደ እርሱ ያለ ታማኝ አላየሁም።

ባለ ሚዛን፦ ሻዩ እውነተኛ እንደሆነ አልጠራጠርም።

ወይዘሮ ጥንቁቅ፦ እኔ ከአንድ ሱቅ ገዝቼ ቤቴ በሎሚ ባሸው ቀዩ ተገፎ ቢጫ ነሐስ ብቅ አለ። ልመልስ ብሄድ ሻጩ «አበላሸሽው» ብሎ ጮኸብኝ። ገንዘቤም ቀረ።

ደጉ፦ በሎሚ? እህቴ፣ እውነተኛ ቢሆን ኖሮም ዋጋውን ገድለሽው ነበር! አሮጌ መዳብ አይታሽም።

ወይዘሮ ጥንቁቅ፦ ባላሸው ኖሮ ሐሰተኛ መሆኑን በምን አውቅ ነበር?

ጠገራ ያለኝ፦ ይቅርታ፣ 1780 የሚል ጠገራ ብር አለኝ። ስንት ያወጣል?

ባለ ሚዛን፦ ወንድሜ፣ ከማሪያ ቴሬዛ ሞት በኋላ የተመታው ሁሉ 1780 ይላል። የቻይናውም እንደዚያው ነው፤ የንጉሠ ነገሥት ቺያንሎንግ የዘመን ስም ከእርሱ በኋላ በነገሡት ዘመን ጭምር ሺንጂያንግ ውስጥ ይሠራበት ነበር። ስለዚህ ጠያቂው በስሙ ብቻ ዕድሜውን አይገምት። በ1760 ያርካንድ ላይ የቀዩ ሳንቲም ሥራ ሲጀመር «ፑል» የሚባለው የአካባቢው አሮጌ ገንዘብ ቀልጦ ነው የተቀዳው፤ ንጹሕ መዳብ ለመሆን ጥቂት የቀረው ስለሆነ መልኩ ቀይ ነው። የመሀል ቻይናው ነሐስ ስለሆነ ቢጫ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሰባት ግራም ተኩል ገደማ ይመዝናሉ፤ የኋለኞቹ ቀለል ይላሉ። «የመጀመሪያው ነው» ተብሎ አራት ግራም ከሆነ ተወው። ከመክፈልህ በፊት ጽሑፉን ዜኖ በተባለው የምሥራቅ ሳንቲሞች ድረ ገጽ ካሉት ፎቶዎች ጋር አስተያይ።

ደጉ፦ ወደ አገር ቤት ልትወስደው ካሰብክ ደግሞ፣ ከ1911 በፊት የተሠራ ቅርስ ከቻይና ማውጣት በመሠረቱ ክልክል ነው። ካሊፎርኒያ ያለው ስቲፈን አልበም የተባለው የጨረታ ቤት የሺንጂያንግ ሳንቲም ያቀርባል፤ ከዚያ ገዝተህ በቀጥታ ወደ አገር ቤት ብታስልከው ይህ ጣጣ አይነካህም።

የቅዳሜ ገበያተኛ፦ ሚዛን፣ ፎቶ፣ ካሊፎርኒያ! ሽማግሌው በጣቱ ዳስሶ ይነግርሃል።

ወይዘሮ ጥንቁቅ፦ የእኔም ሻጭ በጣቱ ዳስሶ ነበር።

ደጉ፦ ጠያቂው የት ገባ?

ጠገራ ያለኝ፦ ታዲያ የእኔን በሎሚ ልሸው?

ባለ ሚዛን፦ አትንካው!