ደሴ ላይ ለችፌ የቱ ይሻላል? እኔ በቁጥር ይዤ ያየሁት

ሰሞኑን «ለልጄ ችፌ የቱ ቅባት ይሻላል፣ የት ላሳክማት?» የምትሉ ስለበዛችሁ የኔን ልጻፍላችሁ። ልጄ 7 ዓመቷ ነው። ችፌው ከአራስነቷ ጀምሮ አልለቀቃትም፤ ክርኗ መታጠፊያና ከጉልበቷ ጀርባ ነው የሚብሰው።

መጀመሪያ የምጠቁማችሁ ቅባት አይደለም፣ ደብተር ነው። ሐኪም «እንዴት ከረመች?» ሲለኝ ለዓመታት «ያው ናት» እያልኩ ነው የኖርኩት። ትናንት ሌሊት ስታክ ካደረች ወሩ ሙሉ እንደዚያ የነበረ ይመስለኛል፣ ሁለት ቀን ደህና ከዋለች ደግሞ ያለፈውን ሁሉ እረሳዋለሁ። በዚህ ዓይነት ግምት የቱ ቅባት እንደሠራ ማወቅ አይቻልም።

አሁን የምጠቀመው ፖኤም የሚባለውን መጠይቅ ነው። እንግሊዝ አገር ኖቲንግሃም ዩኒቨርሲቲ ነው ያወጣው። 7 ጥያቄ ብቻ ነው። ባለፈው ሳምንት ስንት ቀን አሳከካት? ስንት ሌሊት እንቅልፍ ነሳት? ስንት ቀን ደማ፣ ስንት ቀን ውሃ አወጣ፣ ተሰነጠቀ፣ ተቀረፈ፣ ደረቀ ወይም ሻከረ? ምንም ከሌለ 0፣ 1 ወይም 2 ቀን ከሆነ 1 ነጥብ፣ 3 ወይም 4 ቀን 2፣ 5 ወይም 6 ቀን 3፣ በየቀኑ ከሆነ 4። ድምሩ ከ28 ነው። ከ3 እስከ 7 ቀላል፣ ከ8 እስከ 16 መካከለኛ፣ ከ17 እስከ 24 ከባድ፣ ከዚያ በላይ በጣም ከባድ ይባላል። እሑድ ማታ አጠገቤ አስቀምጫት አብረን እንሞላለን። የ1 ወይም የ2 ነጥብ ለውጥ አያስደስታችሁ፣ አያስደንግጣችሁም።

ፎቶም አንሱ፣ ግን ሁልጊዜ በአንድ መስኮት አጠገብ፣ በቀን ብርሃን። ደግሞ ይህችን ልብ በሉ። ሐኪሞች የሚለኩባቸው እንደ ስኮራድ ያሉት መለኪያዎች የቆዳውን መቅላት ይቆጥራሉ። የኛ ቆዳ ላይ ግን መቅላቱ ጎልቶ አይታይም፤ ይጠቁራል ወይም ወደ ግራጫ ይሄዳል። ስለዚህ ከባዱ ቀላል መስሎ ሊታለፍ ይችላል። በዓይን ብቻ አትፍረዱ፣ በእጃችሁ ዳብሱት። ስፋቱን ለመገመት ደግሞ የራሷ የልጅቷ መዳፍ ከነጣቶቿ የሰውነቷን 1 በመቶ ያህል ነው።

ሶራይሲስ የሚባለው ሌላ የቆዳ ሕመም ያለባችሁ፣ ይህ መጠይቅ ለእናንተ አይደለም። የእናንተ ፓዚ ይባላል፣ ከ0 እስከ 72 ነው፣ ሐኪም ነው የሚሞላው።

ወደ ሕክምናው ልምጣ። እኔ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታልን እመርጣለሁ። ለቆዳና ለሥጋ ደዌ ከድሮ ጀምሮ ስሙ የታወቀ ነው፣ ከከተማ ወጣ ቢልም ሩቅ አይደለም። ወረፋ አለ፣ በጠዋት ውጡ። ከተማ ውስጥ የግል ክሊኒክ ወረፋው ይቀላል፣ ዋጋው ግን ይከብዳል፤ ካርድ ከማውጣታችሁ በፊት የቆዳ ስፔሻሊስት መኖሩን ጠይቁ። ለኔ ትልቁን ልዩነት ያመጣው የ4 ሳምንት ቁጥር ይዤ መግባቴ ነው። ሐኪሟ ደብተሩን አይታ «እንቅልፏን ነው የነሳት» አለችና ቀጥታ ወደ ሌሊቱ ማሳከክ ገባች። በሁለት ደቂቃ ተግባባን።

ቅባት ላይ ደግሞ ሽቶ ያለው ሎሽን ስቀባት ነጥቧ 17 ነበር። ሽታ የሌለው ነጭ ቫዝሊን ገላዋን እንደታጠበች፣ ቆዳዋ ገና እርጥብ እያለ መቀባት ጀመርኩ፤ በአራተኛው ሳምንት 11 ሆነ። ዋጋውም ከሎሽኑ ይረክሳል። ደሴ ብርዱ ቆዳ ያደርቃልና ማታም ድገሙት። ኮምቦልቻ አክስቷ ጋ ስትከርም ድርቀቱ ይቀንስላታል፣ ግን በሙቀቱ ላብ ስለሚያልባት ማሳከኩ ይጨምራል። እዚያ ስትሆን ቶሎ ቶሎ ለብ ባለ ውሃ ማለቅለቅ ጠቅሟታል።

አንድ ነገር ግን እለምናችኋለሁ። ምን እንዳለበት ያልታወቀ «የሚያጠራ» ክሬም ከኮስሞቲክስ ሱቅ አትግዙ። እኔ ገዝቼ በ3 ቀን ጸጥ አለላት፣ ስተውላት ብሶ ተመለሰ። ለካ ውስጡ ኃይለኛ ስቴሮይድ፣ ማለትም የቆዳ መቆጣትን የሚያበርድ መድኃኒት ነበረበት። እንዲህ ያለው ሲቆይ ቆዳ ያሳሳል፣ ችፌ የመሰላችሁ ጭርት ከሆነ ደግሞ ይደብቀውና ያስፋፋዋል። ስቴሮይድ በራሱ ጠላት አይደለም። ሐኪም ያዘዘላትን እቀባታለሁ፣ መጠኑንም አሳይታኛለች፦ ከአዋቂ ሌባ ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ የወጣ ቅባት ሁለት የአዋቂ መዳፍ ከነጣቶቹ የሚያህል ቦታ ይበቃል።

ኮምቦልቻ ያላችሁ እናቶች፣ ሽታ የሌለው ሳሙና የት ነው የምታገኙት? ደሴ ፋርማሲዎች ጋ አንዳንዴ ይጠፋብኛል። ጻፉልኝ እባካችሁ፣ ቅዳሜ ልወርድ ነው።